የአበባ ጾም

ክረምት ሲወጣ ብዕር ያለው ሁሉ ስለ አደይ አበባ ይጽፋል። እኔም ብዙ ጊዜ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ቢጫውን አበባ ወረቀቱ ላይ ካስቀመጥሁ በኋላ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር እምቢ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር እኔ ባደግሁበት ቤት አደይ የጥጋብ ምልክት አልነበረም። አበባው በሚፈነዳበት ሰሞን የቤታችን ጎታ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነበር፤ ሜዳው ሲያጌጥ መሶባችን ይራቆት ነበር። ስለዚህ ዛሬ አበባውን ለባለቅኔዎቹ ትቼ ስለ ጎታው፣ ስለ እናቴና ስለ አንዲት ጎረቤታችን ልጽፍ ተነሣሁ።

አስቀድሜ ስለ ወቅቱ ስም ጥቂት ልበል። ከተሜው አሁን አሁን ከክረምት ቀጥሎ የሚመጣውን ጊዜ «ጸደይ» ይለዋል፤ የሬዲዮውም የመጽሔቱም ቋንቋ ይኸው ሆኗል። የባሕረ ሐሳብ ቆጠራ ግን ሌላ ነው። በእርሱ መሠረት ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቆያል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው። በጋ ከዚያ ተነሥቶ እስከ መጋቢት 25 ይዘልቃል። ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ ገበሬው ማሳውን ለዘር የሚያሰናዳበት ወቅት ነው። እንግዲህ በዚህ ቆጠራ ዓመቱ ሲለወጥ፣ ልጃገረዶች አበባ ይዘው በየደጁ ሲዘፍኑ፣ ገና ክረምት ነው ማለት ነው። መፀው ሊገባ ሃያ አምስት ቀን ይቀረዋል። ይህን አድጌ መጽሐፍ ላይ ሳነብ እንግዳ አልሆነብኝም። እነዚያን ሃያ አምስት ቀኖች አውቃቸዋለሁ። በእናቴ ጎታ ውስጥ አንድ በአንድ ሲቆጠሩ ሰምቻለሁ።

ያደግሁት ደጋን ነው። ደጋን በደቡብ ወሎ፣ በቃሉ ወረዳ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ነሐሴ ላይ ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ጉም ለብሳ፣ ሰዉ ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ፣ እኛ ዘንድ ቆላው ይቀርባልና ዝናቡ ባባራ በሰዓቱ ፀሐዩ ይፋጃል። መንገዱ በባቲና በሚሌ አድርጎ እስከ አሰብ ወደብ የሚያደርስ ስለ ነበር፣ በልጅነቴ ከባድ መኪናዎች ሌትና ቀን በደጃችን ያልፉ ነበር። በድርቅ ዓመታት የሚወጡት ተሳቢዎች የርዳታ እህል የጫኑ ነበሩ። እኛ ልጆች አቧራውን እየቃምን በስተኋላቸው እንሮጣለን። ሸራው አንዳንድ ጊዜ ቀዳዳ አለውና ጥቂት ፍሬ መንገድ ላይ ይንጠባጠባል፤ ከዶሮዎቹ ጋር ተሻምተን እንለቅማለን።

የከተማችን ስም ጥጥ ከሚነደፍበት መሣሪያ ስም ጋር አንድ ነው። ቤታችንም ግድግዳ ላይ አንድ ደጋን ተሰቅሎ ይኖር ነበር። እናቴ ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋኑ ነድፋ፣ አባዝታ፣ አመልማሎውን ጠቅልላ በእንዝርት ትፈትላለች። ልቃቂቱ ሲሞላ ሰኞ ባቲ ገበያ ወርዶ ይሸጣል፤ በዋጋውም ጨው፣ ጋዝና ቡና ይገዛል። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ማሽላ ይገዛበታል።

የግቢያችን አጥር ቅንጭብ ነበር። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ አድገው ወደየከተማው የወጡ ክርስቲያን ሴት ትኖራለች። ሰፈሩ ሁሉ እታለም ይላታል፤ እውነተኛ ስሟን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ሀብቷ አንዲት ላም ነበረች። በቅንጭቡ መካከል ልጅ የሚያሾልክ ሽንቁር ነበር። በዚያ ሽንቁር ፍም ይሻገራል፣ እርሾ ይሻገራል፣ ጨው ይሻገራል፤ ወሬማ ምኑ ይነገራል! እኛ ሙስሊሞች፣ እርሷ ክርስቲያን፤ ቡናው ግን አንድ ጊዜ በእኛ ቤት፣ አንድ ጊዜ በእርሷ ቤት ይፈላል። እታለም እኛን የምታስተናግድበት ሳህንና ድስት ለብቻው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይኖራል። የእርሷ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ይህን ማንም አላዘዛትም፤ በወሎ ጉርብትና እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ጎታው ልመለስ።

የእኛ አገር ማሽላ ችኩል አይደለም። ሚያዝያ ላይ ተዘርቶ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ ይከርማል፤ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ከዘር እስከ አውድማ ስምንት ወር ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ባለፈው ታኅሣሥ ጉድጓድ የገባ እህል እስከሚመጣው ታኅሣሥ ማድረስ አለበት። ዝናቡ የሰመረ ዓመት ያደርሳል። ያልሰመረ ዓመት ግን ሐምሌ ላይ ጉድጓዱ ለመጨረሻ ጊዜ ይከፈታል፤ የተረፈው ወጥቶ ጎታ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር በእናቶች እጅ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ዝናቡ ማሽላው ሳያፈራ ቀድሞ ቆመብን። የ1986 ክረምትም ሲገባ ጉድጓዱ ቶሎ ተራቆተ። ያኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጎታ ሙሉ ሲሆን ድምፅ የለውም፤ ቅሉ ወደ እህሉ ገብቶ ዝም ብሎ ይወጣል። ሲጎድል ግን ይናገራል። በሐምሌ የቅሉ ከንፈር የጎታውን ግድግዳ ፈቅ ሲያደርግ ሰማሁ። በነሐሴ እናቴ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገብታ መቅዳት ጀመረች። በጳጉሜን ደግሞ ቅሉ የጎታውን ወለል ሲፍቅ እንቅልፌን ይቀሰቅሰኝ ነበር። ሁልጊዜ ማለዳ፣ ሁላችንም የተኛን ሲመስላት ነው የምትቀዳው። ቀድሞ በቀን ሦስት ጣሳ ይፈጭ ነበር፤ ወደ ሁለት ወረደ፤ ከዚያ አንድ ተኩል ሆነ።

አባቴ በዚያ ሰሞን ማሳ ላይ ማማ ሠርቶ ወፍ ይጠብቅ ነበር። እህሉ ወተት መያዝ ሲጀምር ግሪሳ ከወረደ የዓመቱን ድካም በአንድ ረፋድ ይጨርሰዋል። ሌሊቱንም ከጅብና ከከርከሮ ጋር እዚያው ያድራል። ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴ፣ እኔ፣ የስድስት ዓመቱ ወንድሜና ጡት የተወች ታናሽ እኅታችን ነበርን።

እናቴ ሰኞና ሐሙስ የሱና ጾም የመጾም ልማድ ነበራት። ከጋብቻዋም በፊት ትጾም እንደ ነበር ሰምቻለሁ። በእነዚህ ቀኖች ምሳ ሲቀርብ ወደ ጥጧ ዞር ትላለች፤ እንዝርቷን ታሽከረክራለች። «እማ፣ ነይ ብዪ» ስንላት «ጾመኛ ነኝ» ትላለች። እኛም ነገሩን ለምደነዋል። መግሪብ ሲደርስ በውኃ ታፈጥርና ከእኛ ጋር ራት ትቀርባለች። በዚያ ክረምት ይህ «ጾመኛ ነኝ» የሚለው ቃል በቤታችን እየበዛ መምጣቱን እኔ ልብ አላልሁም። ልጅ ሆዱ እስከ ሞላ ድረስ የሌላውን ሳህን አይቆጥርም።

ቡናውም ከሳ። ቀድሞ ከቡና ጋር የማሽላ ቆሎ ወይም ንፍሮ በሰፌድ ይቀርብ ነበር። መጀመሪያ ሰፌዱ በትንሽ ሳህን ተተካ። ከዚያ ሳህኑም ቀረና ቡናው ብቻውን በጨው መጠጣት ጀመረ። እታለም ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታን ስለምትጾም፣ ቡናውን የሚያፈሉት ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ወዲያ ነበር። ቆሎ ስላለመኖሩ ሁለቱም አንድ ቀን እንኳ ሲናገሩ አልሰማሁም። አቦሉ ይጠጣል፣ ቶናው ይጠጣል፣ በረካው ይጠጣል፤ እናቴ መርቃ ትነሣለች። «አላህ ከርሞ በደስታ ያገናኘን» ስትል እታለም «አሜን» ትላለች። እታለም ስትመርቅ ደግሞ እናቴ «አሚን» ትላለች።

አዲሱ ዓመት እሑድ ዋለ። ከደጋን በላይ ያሉት ኮረብታዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢጫ ሆኑ። ያን የመሰለ አደይ ከዚያ በኋላ አይቼ አላውቅም፤ ወይም ያን ያህል ትኩር ብዬ ያየሁበት ሌላ ዓመት የለም። ወንድሜ አንድ ቀን የአደዩን ቅጠል አኝኮ ሲተፋ አገኘሁት። «መራራ ነው» አለኝ፤ ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

በ1987 ዓ.ም. መስቀል ማክሰኞ ዋለ። ቀኑን በደንብ የማስታውሰው አባቴ በዋዜማው ሰኞ ማማውን ለአጎቴ አደራ ብሎ፣ የእናቴን ልቃቂት ይዞ ባቲ ገበያ ስለ ወረደ ነው። እታለም እንደ ወትሮው በሽንቁሩ ጠራችን። ለብቻው በተቀመጠው ድስት በቅቤ ያበደ ሽሮ ሠርታ፣ ትልቅ ዳቦ ጋግራ ጠብቃናለች። ቤቷ ጉዝጓዝ ተጎዝጉዞ፣ አደይ በየጥጉ ተሰክቶ ነበር። የቅቤው ሽታ ከደጅ ተቀብሎን ምራቄ አፌን ሞላው።

«ነይ እንጂ፣ ቅመሺ፤ በዓል ነው» አለች እታለም፣ እናቴ ራቅ ብላ ስትቀመጥ።

«ጾመኛ ነኝ፤ ለልጆቹ ስጪልኝ» አለች እናቴ።

«የሱና ጾም ለጋባዥ ክብር ይፈታል ብለሽ የነገርሽኝ አንቺው አይደለሽም እንዴ?»

እናቴ ፈገግ አለች። «ይፈታል። ዛሬ ግን ልቤ አልፈታም አለ።»

እታለም ጥቂት ዝም ብላ እናቴን አየቻት። ከዚያ የእናቴን ድርሻ በሌላ ሳህን ቀንሳ፣ በእንጀራ ሸፍና «እንግዲያስ ማፍጠሪያ ይሁንሽ» ብላ ሰጠቻት። ማታ ያ ሳህን ተገለጠ። እናቴ በውኃ አፈጠረች፤ ከሽሮው አንድ ጉርሻ ቀመሰች፤ የቀረውን ለሦስት ከፍላ በእኛ ፊት አደረገችው። «እኔ ቡናው ይበቃኛል፤ ቅቤ ያቃጥለኛል» አለች።

ሌሊት መደብ ላይ ተጋድሜ፣ የሆዴ ሙቀት እንቅልፍ ሊያመጣልኝ ሲል አንድ ነገር ወደ ልቤ መጣ። አባቴ ከባቲ የተመለሰው ትላንት ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ትላንት ሰኞ ከሆነ ዛሬ ማክሰኞ ነው። እናቴ ማክሰኞ ጾማ አታውቅም። በጣቴ ደገምሁት፤ ማክሰኞ ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ቆጠርሁ። እንቅልፌ ጠፋ።

በማግሥቱ ረቡዕ ነው። «እማ፣ ዛሬስ ጾመኛ ነሽ?» አልኋት። ዞር ሳትል «ጾመኛ ነኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት መልስ ሥራዬ እርሷን መሰለል ሆነ። ቀን አትበላም። ማታ የእኛን እንጀራ ቆርሳ ስትጨርስ ሰፌዱ ላይ የቀረውን ቁራሽና ፍርፋሪ ትበላለች፤ ቡና ትጠጣለች፤ ጥጧን ታነሣለች። ፊቷ ላይ ግን ምንም ነገር አይታይም ነበር። ያን ጊዜ ያስፈራኝ ራቡ ሳይሆን ይህ ምንም ነገር ያለመታየቱ ነው። እናቴ የማላውቀው ቤት ያላት መሰለኝ።

ዓርብ ላይ ወሰንሁ። ምሳ ቂጣ ነበር፤ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቁራሽ። የእኔን ወስጄ ወንድሜ እጅ ላይ አኖርሁና የእናቴን ድምፅ አስመስዬ «ጾመኛ ነኝ» አልሁ።

እናቴ እንዝርቷን አቆመች። እንዝርት በቁም ሲቆም ቤት ውስጥ ምን ያህል ዝምታ እንደሚሆን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ተነሥታ መጣች፤ ከወንድሜ እጅ ቂጣውን ቀስ ብላ ወስዳ ወደ እኔ መለሰችው።

«የልጅ ጾም በእናት ነው የሚቆጠር» አለችኝ። «እኔ ጾሜልሻለሁ። ብዪ።»

በላሁ። ፊት ለፊቴ ቆማ እስክጨርስ ጠበቀች። ቂጣው ከእንባዬ ጋር ጨው ጨው አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማውቀውን እንደማውቅ አወቀች፤ እኔም ማወቋን አወቅሁ። ስለዚህ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት አልተነጋገርንም።

መስከረም 26 ቀን ሐሙስ ነበር። ክረምቱ በቆጠራ የወጣበት፣ መፀው የገባበት ቀን መሆኑ ነው። ማለዳ በሽንቁሩ የእታለም ድምፅ ተሰማ። ስወጣ በቅል የሞላ ወተት ይዛ ቆማለች፤ አረፋው ገና አልበረደም። እናቴም ተከትላኝ ወጣች።

«ይኸውልሽ» አለች እታለም፣ «የጽጌን ጾም ጀመርሁ። ላሟ ግን አልጾመችም። ወተቱን ማን ይጠጣልኝ?»

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ጾመ ጽጌ፣ የአበባው ጾም፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ለአርባ ቀን የሚጾም ነው። እመቤታችን ማርያም ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ፣ በመንገድም መራብና መጠማቷ ይታሰብበታል። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሌሊት ለእሑድ አጥቢያ የአባ ጽጌ ድንግል ማኅሌተ ጽጌ የሚቆመው በእነዚሁ ቀኖች ነው። ይህ ጾም እንደ ፍልሰታ በሁሉም ላይ የታዘዘ አይደለም፤ የፈቃድ ጾም ነው። የወደደ ይጾመዋል፤ ያልወደደ አይጠየቅበትም።

እናቴ ቅሉን ሳትቀበል ጠየቀች። «አምና ጾመሽው ነበር?»

«አምናማ አልጾምሁም። ዘንድሮ ነው ልቤ የፈቀደው» አለች እታለም።

ሁለቱ ሴቶች በቅንጭቡ ሽንቁር ተያዩ። ላሟ የክረምቱን ሣር ጠግባ ብዙ የምትታለብበት ወቅት ነው፤ ከምድር የሚወጣው ሁሉ ቀድሞ ሣር፣ ኋላ እህል ነውና። እታለም ያን ወተት ንጣ ቅቤውን ሸጣ ነው ጨውና ጋዝ የምትገዛው። ይህን እናቴ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። እናቴ ግን እጇን ዘረጋችና ቅሉን ተቀበለች። «አላህ ጾምሽን ይቀበልሽ» አለች። «የአንቺንም» አለች እታለም። ያ ቀን ሐሙስ ስለ ነበር የእናቴም ጾም በልማዷ ቀን የዋለ ነበር።

ከዚያ ቀን አንሥቶ በየማለዳው ወተት መጣ። እኅቴ ጉንጯ መለስ አለ። ወንድሜ ወደ ሽንቁሩ መሮጥ የዕለት ሥራው ሆነ። እታለም አንድም ቀን «እንካችሁ፣ ተቸግራችኋል» አላለችንም። ሁልጊዜ አቤቱታ ይመስል «ይኸው፣ ይችን ላም ምን ላድርጋት?» ነው የምትለው።

ጥቅምት ገብቶ፣ አንድ ረቡዕ ቀን አባቴ ከማሳ ወረደ። ከጋቢው ሥር አምስት ራስ ማሽላ አወጣ። «ወተት በጉንጬ» የምንላት ዓይነት ናት። ገበሬው ማሳው ዳር ዳሩን ወይም በሌላው ማሽላ መካከል ጥቂት ጥቂት የሚዘራት፣ ለአውድማ ሳይሆን ለእሸት የምትፈለግ ናት። ስትደርቅ ፍሬዋ ይጨማደዳል፤ ምርቷም ያነሰ ነው። እሸት ሳለች ግን ስሟ እንደሚለው ናት፤ ጉንጭ ውስጥ ወተት ትሆናለች።

እናቴ ፍሙን ገለጥ አድርጋ ራሶቹን ጠበሰች። ጭሱ ሌላ ነበር፤ የአዲስ እህል ጭስ ነበር። ትኩሱን በመዳፎቿ አሸችው፤ ገለባውን እፍ አለችው፤ ለእያንዳንዳችን በእፍኝ ሰጠችን። ከዚያ፣ ቀን በቀትር፣ በገዛ መዳፏ ላይ የቀረውን «ቢስሚላህ» ብላ ወደ አፏ አደረገችው። ስታኝክ አየኋት። ዓይኗን ጨፍና ነበር። በቤታችን መፀው የገባው በዚያች ደቂቃ ነው። ኮረብታው ላይ አደዩ መርገፍ ጀምሮ ነበር።

ወዲያው ሁለት ራስ ለይታ «ለእታለም አሻግሪ» አለችኝ። እሸት የጾም ምግብ ነው። እታለም ተቀብላ ሳመችው፤ «ሰዓቱ ሲደርስ እቀምሰዋለሁ» ብላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ሰዓቱ እስኪደርስ በሽንቁሩ እየሄድሁ አይቻታለሁ። ደጇ ላይ ተቀምጣ ቋጠሮውን አንድ ጊዜ ትነካለች፤ አንድ ጊዜ ትተዋለች።

ዓመታት አልፈው ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለዚያች ማሽላ አንድ ነገር አነበብሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሲንግና አክስቴል የተባሉ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከዓለም ዙሪያ ከተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ዓይነቶች መካከል ላይሲን የተባለው ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ከሌሎቹ እጅግ የላቀባቸው ሁለት ዓይነቶች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሁለቱም የወሎ ማሽላዎች ነበሩ፤ አንዷም ወተት በጉንጬ ናት። ቀኑን ሳየው መጽሐፉን አጠፍሁት። እ.ኤ.አ. 1973 በእኛ 1965 እና 1966 ነው፤ ወሎ በረሃብ ያለቀበት ዘመን። ዓለም ለሕፃን አጥንት የሚበጀውን ማሽላ ከወሎ አፈር አገኘ በተባለበት ዓመት የወሎ ሕፃናት በየመንገዱ ዳር ይወድቁ ነበር። እህሉ አቅም አላነሰውም። ያነሰው በአበባና በእሸት መካከል ያለውን ጊዜ የሚያሻግር ነገር ነው። በእኛ ቤት ያን ጊዜ ያሻገሩን ሁለት ሴቶች ናቸው።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ልጆቼ ክረምት መውጣቱን የሚያውቁት ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው፤ እንኳን ደስ አላቸው። እታለም ካረፈች ቆይታለች። በቅንጭቡ ቦታ ዛሬ የብሎኬት አጥር ቆሟል፤ ሽንቁር የለውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደጋን ሄጄ፣ ከእናቴ ጋር ብቻችንን ቡና ስንጠጣ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የያዝሁትን አወጣሁት።

«እማ፣ ያን ዓመት እኮ ማክሰኞም ረቡዕም ትጾሚ ነበር።»

ሲኒዋን አስቀመጠችና ሳቀች። ያን ያህል ዓመት የሸሸግሁትን ነገር በሳቅ ትቀበለዋለች ብዬ አልጠበቅሁም።

«ጠዋት ተነሥቼ ጎታውን አያለሁ» አለች። «የሚበቃ ካልሆነ እነይታለሁ። ከነየትሁ በኋላ ጾም ነው፤ ማን ይከለክለኛል? ራብ ማለት ሳትነይቺው ሲመጣብሽ ነው።»

«እታለምስ? ጽጌውን የጀመረችው ለእኛ ብላ ነው አይደል?»

ፍሙን በእንጨት ጫፍ ነካ ነካ አደረገች። «የእሷ ከእኔ ይበልጣል» አለች ቆይታ። «እኔ የጾምሁት ለልጆቼ ነው። እሷ ግን ለሰው ልጅ ጾመች። ደግሞ እንደ ጀመረችው አልተወችውም፤ ጎታችን ሞልቶ በከረመበትም ዓመት እስክትሞት ድረስ ጾማዋለች። ወተቱም እስክትሞት ድረስ መጥቷል።»

«ስለዚህ ነገር ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ?»

«ምን ብለን?» አለችኝ፣ እውነተኛ ግርምት ፊቷ ላይ እየታየ። መልስ አልነበረኝም። ቶናውን ቀዳችልኝ። አጠገቤ ትልቅ ሰፌድ ሙሉ ቆሎ ነበር፤ ስንነጋገር ሳላውቀው አጋምሼው ኖሯል።

ዘንድሮ፣ በ2018 ዓ.ም. መስከረም 26 ቀን፣ እንደ ልማዴ ማለዳ ደወልሁላት። ክረምቱ እንዴት እንደ ወጣ፣ ማሽላው እንዴት እንደ ቆመ ነገረችኝ። ወተት በጉንጬዋ ዳር ዳሩን እንደ ተዘራች፣ ሊደርስ ትንሽ እንደ ቀረው አከለችልኝ። «ቁርስ ምን በላሽ?» አልኋት።

«ጾመኛ ነኝ» አለች።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደ ያዝሁ ዝም አልሁ። ሳላስበው የግራ እጄ ጣቶች መቁጠር ጀምረው ነበር። ቅዳሜ ልጆቹ ቤት ዋሉ፤ ትላንት እሑድ ነበር፤ ዛሬ…

ሰኞ ነው። ደግሜ ቆጠርሁት፤ ሰኞ ሆነ።

«አላህ ይቀበልሽ፣ እማ» አልኋት፤ ትንፋሼም ተመለሰ።